ልጄ ቱታውን ለምን ደበቀኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ምጣዱን ሰክቼ እንጀራ እየጋገርኩ፣ ሦስተኛውን ሳወጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዞር ስል ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ጠርዙ ጠቁሮ ቀጭን ጭስ ይወጣዋል። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ጭሱ ቆመ፤ የእኔ እጅ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።

ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶት ኖሮ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች። «የምታውቂው ኤሌክትሪሺያን አለ?» አልኳት።

«ልጅሽ እያለ ምን ሌላ ሰው ያስፈልግሻል!» አለችኝ።

«የእኔ ልጅ የተማረው አካውንቲንግ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃል?»

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነበር። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። የእህቷ ቤት ሲሠራ መስመር ከዘረጉት ልጆች አንዱ የእኔ ልጅ እንደነበረ፣ ሥራውም እንደተወደደለት እየተንተባተበች ነገረችኝ። «የምታውቂ መስሎኝ ነው፤ ይቅርታ» ብላ ወጣች። እስካሁን የሚከነክነኝ ያቺ «ይቅርታ» ናት። ልጄ ሠርቶ መብላቱን የነገረችኝ ሴት፣ ሰርቆ ሲያዝ ያየችው ይመስል ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ልጄ በ2013 ዓ.ም. ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል። በጋዋን የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ፣ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ሲያስደርግ፣ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል መስፈርት ሲመልሰው ኖረ። በኋላ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፋይሉን ብብቱ ሥር ይዞ መውጣት ጀመረ። እኔም ሥራ ፍለጋ ነው ብዬ የታክሲ እሰጠው ነበር።

ጎረቤቴ እንደወጣች ወደ ክፍሉ ገባሁ። እናት ማድረግ የሌለባትን አደረግኩ፤ ዕቃውን በረበርኩ። አልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ ቱታ፣ ሲሚንቶ የጠጣ ጫማ፣ ፒንሳና ቴስተር አገኘሁ። ቱታው ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ማታ ሲመጣ ቱታውን ሶፋው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነዋ! የሚያሳፍረኝ መሆኑን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ይህ ልጅ በ2008 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲወስድ ወደ መሰናዶ የሚያስገባውን ነጥብ አምጥቶ ነበር። ግን ራሱ መጥቶ «ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ልማር» አለን። ከልጅነቱ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሻማ ሳይሆን ፊውዝ የሚያይ ልጅ ነው። አባቱ ሹፌር ነው፤ «የወደደውን ይማር» አለ። እኔ ግን ጮህኩ። «ቴክኒክና ሙያ እኮ ነጥብ ያነሳቸው የሚገቡበት ነው! አያትህ ዕድሜውን ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ የሸመነው አንተ ሽቦ እንድትጎትት ነው?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። መሰናዶ ገባ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ፎቶው ግድግዳ ላይ ወጣ።

ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ ለመናገር ስለ አባቴ ማንሳት አለብኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው የኖረው። እኛ አምስታችንም ያደግነው እሱ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ እያየን፣ እናታችን በእንዝርት ስትፈትል እየሰማናት ነው። የምንበላውም የምንማረውም ከዚያች ጉድጓድ ይወጣ ነበር። ትምህርት ቤት ግን «የሸማኔ ልጅ» ማለት ስድብ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አዲስ የመጣ መምህር የአባቶቻችንን ሥራ በየተራ ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ «ነጋዴ» አልኩ። ያን ቀን ማታ አባቴ የሚሸምነውን ነጠላ እንዳየው ሲጠራኝ፣ የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ አልሄድኩም።

እሱም ቢሆን ሥራውን እንድወርስ አልፈለገም። ጀርባውን እያሸ «አንቺ እስክሪብቶ ያዢ» ይለኝ ነበር። ያዝኩ። ዲፕሎማ ተቀብዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 27 ዓመት ሠራሁ። ጡረታዬ ተከብሮልኛል፤ አላማርርም። ግን ከአባቴ ምኞት ጋር ሐፍረቱንም አብሬ ወርሼ ኖሮ፣ ሳላውቀው ለልጄ አወረስኩት።

ይህ ሐፍረት የእኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው ረጅም ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። የምናርሰው በሠሩልን ማረሻ፣ የምንበላው በሠሩልን ምጣድ፣ የምንለብሰው የሸመኑልንን ነው፤ ልጃችንን ለልጃቸው ለመዳር ግን እንጠየፋለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ ሆኖ ስላገኙት ነው። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ከአደባባይ ቀንሶ ይሆናል፤ በየሳሎናችን ግን «የተማረ ይግደለኝ» እያልን ይዘነዋል። የተማረ ስንልም በእጁ የተማረውን አንቆጥርም።

የትምህርት ሥርዓቱም ሳያግዘን አልቀረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እነ ተግባረ ዕድን የመሰሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የሚገባባቸው ተማሪ የሚኮራባቸው ነበሩ። በእኛ ልጆች ዘመን ግን በ10ኛ ክፍል ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚል መንገድ ተሠራ። አንድን ትምህርት ቤት የቀሩት መሄጃ ካደረግነው በኋላ ልጆች እንዲያከብሩት መጠበቅ ዘበት ነው። በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲው በዛ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠረው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። መብዛቱ መልካም ነው፤ ግን ጋዋን የለበሰ ሁሉ ወንበር ይጠብቀዋል ብለን ለልጆቻችን የገባነውን ቃል የሚጠብቅልን አላገኘንም።

አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር መጥቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ ማለፊያውን አላገኙም ማለት ነው። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ውጤቱ በስልክ የታየ ዕለት በየቤቱ የሚነገረው አንድ ቃል ነው፤ «ወደቀ»። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው «የወደቀ» የተባለ ልጅ በማግስቱ «እንግዲህ ሙያ ነገር ተማር» ሲባል የሚሰማው ምክር ሳይሆን ፍርድ ነው።

ወደዚያ ማታ ልመለስ። ልጄ ቱታውን ለበሰና ሶኬቱን ፈታው።

«ምጣዱ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ 3,500 ዋት ይላል። «ለ220 ቮልት አካፍይው፤ 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህን ያህል ኃይል ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት በዚህ ሽቦ ውስጥ ይሄዳል» አለና ከግድግዳው ያወጣውን ሽቦ አሳየኝ። አንድ ነጥብ አምስት የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ለአምፖል የሚዘረጋው። ለተራ ሶኬት ሁለት ነጥብ አምስት፣ ለምጣድ ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለብቻው ከብሬከር የሚነሳ መስመር እንደሚያስፈልግ አስረዳኝ።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» አልኩት።

«እሱን ነው የምፈልገው» ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። አየና ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ማን ቀየረው?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ምጣድ በሰካሁ ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ አስቸግሮኝ፣ ከመንገድ ጠርቼ ያመጣሁት ሰው «ትንሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ትልቅ ብሬከር ቀይሮልኝ ሄዷል። መውረዱን ስላቆመ ደስ ብሎኝ ከሒሳቡ በላይ ጨምሬ መርቄው ነበር።

«እማዬ፣ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው» አለኝ ልጄ። «ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲመጣበት መውረድ ሥራው ነው። አቅሙ ከሽቦው ከበለጠ ግን ሽቦው ሲነድ እሱ ዝም ብሎ ያያል። ሰውየው የቀየረልሽ ዘበኛውን በሚያንቀላፋ ዘበኛ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት ከግድግዳ ጀርባ አስቀምጠን ተኝተናል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አልተማረም። ማንም አላስተማረውም። ምናልባት እሱም በአንድ ፈተና «ወድቆ» ከእጅ ወደ እጅ ያየውን ይዞ ለእንጀራ የወጣ የሰው ልጅ ነው። እጅ ሥራን የማይረባው ሰው ሥራ ካደረግነው፣ የምንኖርበትን ቤት የሚሠራው ያልተማረ እጅ ይሆናል። ንቀታችን ዞሮ የሚያቃጥለው የራሳችንን ቤት ነው።

ሽቦውን ሲይዝ በግራ መዳፉ ላይ ጠባሳ አየሁ። ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ፤ «ትኩስ ሻይ ፈሰሰብኝ» ብሎኝ ቅባት ቀብቼለታለሁ። አሁን ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። ሥራ ላይ መስመሩ ተቋርጧል ተብሎ ሳይቋረጥ ነክቶ ነው። ከመሰላልም አንድ ጊዜ ወድቋል። አንዱ አሠሪ የሁለት ወር ገንዘቡን ሳይከፍለው ስልኩን ዘግቶበታል። «ውል አልነበረንማ» አለኝ። ይህን ሁሉ ስምንት ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሞታል። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ልጄ እሳት ይዞት የሻይ ነው ብሎ የዋሸኝ ከእሳቱ ይልቅ የእኔን ፊት ስለፈራ ነው።

ስለዚህ ሙያ ማር ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። «የቧንቧ ሠራተኛው ከፕሮፌሰሩ በላይ ያገኛል» የሚለውን ወሬ እኔም እሰማለሁ። አንዳንዱ ያገኛል፤ ብዙው ደግሞ ሥራ ባለበት ወር በልቶ በሌለበት ወር ይበደራል። ለራሱ የሚሠራ ሰው የጡረታውን ነገር ራሱ ካላሰበበት ማንም አያስብለትም። ወገብና ጉልበት ያረጃሉ፤ የአባቴን ጀርባ አይቼዋለሁ። ደሞዝ ወር ቆጥሮ ሲመጣ 27 ዓመት የኖርኩ ሰው ይህን ላቃልለው አልችልም። ዲግሪም ከንቱ ነው አልልም። ልጄ ዛሬ ለደንበኛ ዋጋ ሲያዘጋጅ፣ ዕቃና የእጅ ዋጋ ለይቶ ሲጽፍ፣ ወጪና ገቢውን ሲመዘግብ የተማረው አካውንቲንግ ነው የሚሠራለት። ታናሽ እህቱ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ከቻለች ትሁን፣ እደግፋታለሁ።

የምለው አንድ ነገር ነው። ልጄን የጎዳው ሙያው አይደለም፤ ዲግሪውም አይደለም። የጎዳው ሙያውን በድብቅ መጀመሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ስለ መሬት ገመድ፣ ስለ ጓንት፣ መስመር መቋረጡን በራስ ቴስተር ሳያረጋግጡ አለመንካትን በአስተማሪ ፊት ይማር ነበር። በዓመታት ዘግይቶ፣ እየተሸማቀቀ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ እያየ ተማረው። ልጆቻችን በሙያው ውስጥ የሚጎዱት ብዙ ጊዜ እኛ ተምረው እንዲገቡበት ስለማንልካቸው፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ብቻ ስለሚገቡበት ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ ምን አደረግን? ልጄ የማታ ሥልጠና ተመዘገበ። የብቃት ምዘናውን ወስዶ የምስክር ወረቀት አገኘ። ለዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ሻንጣና ብርድ ልብስ እንደገዛንለት ሁሉ፣ እኔና አባቱ አዋጥተን ጥሩ መልቲሜትር፣ ጓንትና ጠንካራ መሰላል ገዛንለት። አባቱ ደግሞ አንድ ነገር አስለመደው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ መቼ እንደሚከፈለው በወረቀት ሳያሰፍር ፒንሳ አያነሳም። የሚሠራበትም ቦታ ሄጄ አየሁት። ከዓመታት በፊት የልጄን የፊደል ገበታ ያየሁትን ያህል እንኳ ያላየሁትን ሥራውን፣ ቆሜ ሲያስረዳኝ ዋልኩ። ወላጅ ለትምህርት ቤት ስብሰባ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ልጁ ሙያ የሚማርበትንም ቦታ ሄዶ ማየት አለበት። ማን ነው የሚያስተምረው? ጓንት አለ ወይ? የሚከፈለው በስንት ጊዜ ነው? ይህ ጥያቄ የእኛ የወላጆች ነው።

አያቶችም ድርሻ አለን፤ ነገ አያት መሆኔ ስለማይቀር ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው። ልጅ ሲመረቅ ዳቦ እንደፋለታለን፤ ሽማግሌ ይመርቀዋል። የመጀመሪያ ሥራውን ጨርሶ የመጀመሪያ ክፍያውን ላገኘ አናጺ ወይም ብረታ ብረት ሠራተኛስ ማን ዳቦ ደፍቶ ያውቃል? አዋጅ ያልለወጠውን ነገር ምናልባት ዳቦ ይለውጠው ይሆናል።

ባለፈው ዕድር ላይ አንዲት ሴት «ልጅሽ የት ገባ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን «አካውንታንት ነው፤ እየፈለገ ነው» ነበር የምለው። «ኤሌክትሪሺያን ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ስልኩን ጠየቀችኝ። የእሷም ብሬከር ያስቸግራታል።

አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ቀረ። በቅርቡ ልጄ የቤቱን ቆጥ ሲያጸዳ የአባቴን መወርወሪያ አገኘው። ከአባቴ ዕቃ የተረፈችን እሷ ብቻ ናት፤ የሽመና ዕቃውን እሱ ሲሞት ቆርጠን ለማገዶ ሰጥተነዋል። ልጄ መወርወሪያዋን በእጁ እያገላበጠ «አያቴ ጥበቡን እንዴት ነበር የሚጥለው? ማንበብ አይችልም ነበር አይደል፤ ድሩን በምን ይቆጥረው ነበር?» አለኝ።

አባቴ አንድም ፊደል ሳይቆጥር፣ የመቶ ክር ጥበብ በአእምሮው ይዞ አንድ ሳያዛንፍ ይጥል ነበር። ሥራው ራሱ ስሙ «ጥበብ» ነው። እንዴት እንደሚያደርገው ግን አላውቅም። አጠገቡ አሥራ ስምንት ዓመት ስኖር አንድ ቀን አልጠየቅኩትም፤ የቤት ሥራ ነበረብኝ።

ለልጄ «አላውቅም» አልኩት። መወርወሪያዋን አሁን ከምረቃ ፎቶው ጎን ሰቅሏታል።